የአፍሪካን ዝሆን በዱር መመልከት፦ የአንድ ጥያቄ ዳሰሳ

የአፍሪካን ዝሆን በዱር መመልከት ሲባል ሦስት የተለያዩ ሥራዎች በአንድ ስም ይጠራሉ። የመጀመሪያው የጎብኚው ነው፤ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ለጥቂት ሰዓታት በቅርብ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ሁለተኛው የተመራማሪው ነው፤ እያንዳንዱን ዝሆን በመልኩ ለይቶ ለዓመታት ይከታተላል። ሦስተኛው የቆጣሪው ነው፤ ከአውሮፕላን ሆኖ መንጋውን በቁጥር ይመዘግባል። ሦስቱ የሚያዩት እንስሳ አንድ ቢሆንም የሚያገኙት እውቀት አንድ አይደለም። በመስኩ የሚነሳው ክርክር አብዛኛው አንዱ ያየውን ለሌላው ጥያቄ መልስ አድርጎ ከማቅረብ የሚመጣ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መነሻው፦ ከጥርስ ንግድ እስከ ሳፋሪ

የዝሆን መንጋ አይቶ የመመዝገብ ታሪክ ሳፋሪን በብዙ ዘመን ይቀድማል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን የግብፅ ገዢዎች ለጦርነት የሚሆኑ ዝሆኖችን ከቀይ ባሕር ዳርቻ ያስይዙ ነበር። በቀይ ባሕር ወደብ በአዱሊስ ቆሞ የነበረው የግብፁ ገዢ የሣልሳዊ በጥሊሞስ የድንጋይ ጽሑፍም ይህንኑ ይናገራል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የቢዛንታይኑ ንጉሥ የዮስጢንያኖስ መልእክተኛ የነበረው ኖኖሰስ ከአዱሊስ ወደ አክሱም ሲጓዝ 5,000 የሚሆኑ ዝሆኖች በሰፊ ሜዳ ተሰማርተው ማየቱን፣ የአገሬው ሰው ግን በቀላሉ ሊጠጋቸው እንደማይችል ተናግሯል። ቁጥሩ በግምት የተነገረ ነው። ሆኖም ዛሬ ዝሆን በማይታይበት ደጋ ላይ የተሰጠ የዓይን ምስክርነት በመሆኑ የመኖሪያው ክልል ምን ያህል እንደጠበበ ለማስረዳት ይጠቅማል።

ከዚያ በኋላ ባሉት ብዙ ምዕተ ዓመታት ዝሆን የሚፈለገው በዋናነት ለጥርሱ ነበር። በኢትዮጵያ ዝሆን ገዳይ በፉከራና በቀረርቶ የሚወደስ ጀግና ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካዎች ለፒያኖ ቁልፎችና ለቢሊያርድ ኳሶች የሚሆን ጥርስ በብዛት ይፈልጉ ስለነበር አደኑ የአህጉሩን መሐል አዳረሰ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሳፋሪ ማለት አደን ማለት ነበር። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሥልጣናቸውን እንዳስረከቡ በ1909 ከሞምባሳ የጀመሩት ጉዞ የዚህ ዘመን ዋና ምሳሌ ነው። እሳቸውና ልጃቸው ከርሚት 512 እንስሳት የገደሉ ሲሆን ከእነዚህ 11ዱ ዝሆኖች ነበሩ። ጉዞው ለስሚዝሶኒያን ቤተ መዘክር ናሙና ለመሰብሰብ የተዘጋጀ በመሆኑ በጊዜው እንደ ሳይንስ ሥራ ይቆጠር ነበር።

ጠመንጃውን በካሜራ የመተካቱ ለውጥ አዝጋሚ ነበር። በደቡብ አፍሪካ የክሩገር ብሔራዊ ፓርክ በ1926 ተቋቋመ፤ የመጀመሪያዎቹ የጎብኚ መኪኖች የገቡት በማግስቱ ዓመት ነው። በኬንያ በአበርዴር ደን በ1932 በዛፍ ላይ የተሠራው ትሪቶፕስ ማረፊያ ደግሞ እንግዶች ሌሊቱን ቁጭ ብለው ውኃ ሊጠጡ የሚመጡ ዝሆኖችን የሚያዩበት ስፍራ ሆነ። በዛምቢያ ሉዋንግዋ ሸለቆ ኖርማን ካር በእግር የሚደረግ ጉብኝትን አስተዋወቀ፤ ለመንደሮቹ ነዋሪዎች የገቢ ድርሻ መስጠትንም አብሮ ጀመረ። በ1977 ኬንያ የስፖርት አደንን ሙሉ በሙሉ ስታግድ መመልከትና ማደን በሕግ የተለያዩበት ምዕራፍ ተከፈተ። ክርክሩ ግን በዚያ አልተዘጋም።

ከማየት ወደ ማጥናት

ዝሆንን በተናጠል ለይቶ መከታተል የጀመረው ኢየን ዳግላስ-ሃሚልተን ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በታንዛኒያ ማንያራ ሐይቅ ፓርክ እያንዳንዱን ዝሆን በጆሮው ጠርዝ መቀደድና ስንጥቅ፣ በጥርሱ ቅርፅ እየለየ መዝግቧል። ሲንቲያ ሞስ በ1972 በኬንያ አምቦሴሊ የጀመረችው ጥናት ደግሞ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። ኤኮ የተባለችውና በ2009 የሞተችው መሪ እናት የታወቀችው በዚሁ ጥናት ነው።

የእነዚህ ጥናቶች የመጀመሪያ ውጤት ጎብኚው በተለምዶ «መንጋ» የሚለው ስብስብ ምንነት ላይ የመጣው ለውጥ ነው። መንጋው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቤተሰብ ነው፤ አሮጊቷ እናት፣ ሴት ልጆቿ፣ የልጅ ልጆቿና ገና ያልጎረመሱ ወንዶች። ወንዶቹ ከአሥር ዓመት በኋላ ቀስ በቀስ ከቤተሰቡ ይለያሉ። ብቻውን የሚታይ ወንድ ዝሆን ስለዚህ የተባረረ ወይም የተቆጣ ነው ማለት አይደለም። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ የወንዶቹም ሕይወት ሥርዓት እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ ተገኝቷል። በደቡብ አፍሪካ ፒላንስበርግ ፓርክ ወላጆቻቸው ተገድለው ወጣት ሆነው የተዛወሩ ወንዶች ያለ ታላቅ በማደጋቸው ከ40 በላይ ነጭ አውራሪሶችን ገደሉ። በ1998 ስድስት አንጋፋ ወንዶች ከክሩገር መጥተው ሲቀላቀሉ ግድያው ቆመ።

ሁለተኛው ግኝት የመስት ጉዳይ ነው። መስት ማለት ወንድ ዝሆን የወሲብ ፍላጎቱና ቁጣው የሚያይልበት፣ በዓይንና በጆሮ መካከል ካለው እጢ ፈሳሽ የሚወርድበትና ሽንቱ የሚንጠባጠብበት ወቅት ነው። ለረጅም ጊዜ ይህ ሁኔታ የእስያ ዝሆን ብቻ እንደሆነ ይታመን ነበር። በአፍሪካ ዝሆን ሴቷም ከዚያው እጢ ፈሳሽ ስለምታወርድ ምልክቱ ይምታታ ነበር። ጆይስ ፑልና ሞስ በ1981 ባወጡት ጽሑፍ የአፍሪካ ወንድ ዝሆንም መስት ውስጥ እንደሚገባ አረጋገጡ። ይህ ለአስጎብኚ ትልቅ ተግባራዊ ትርጉም አለው፤ በመስት ላይ ያለ ወንድ ዘንድ መኪና ማስጠጋት ሌላ ጊዜ ከሚኖረው አደጋ እጅግ የበለጠ ስጋት አለው።

ሦስተኛው የድምፅ ጉዳይ ነው። ኬቲ ፔይን በ1984 በአሜሪካ በአንድ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ የእስያ ዝሆኖች ሰው ሊሰማው በማይችል ዝቅተኛ ድምፅ እንደሚነጋገሩ ደረሰችበት። ቀጥሎም ከፑል ጋር በአምቦሴሊ የአፍሪካ ዝሆኖችም እንዲሁ እንደሚያደርጉ አሳየች። ስለዚህ ለጎብኚው ዝምታ በሚመስለው ሰዓት በመንጋው ውስጥ ውይይት ሊኖር ይችላል። በካሜራ የተያዘው ከተደረገው ጥቂቱ ነው።

በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ድዛንጋ በተባለው የደን ገላጣ አንድሪያ ቱርካሎ ከ1990 ጀምሮ ያደረገችው ምልከታ ደግሞ የደን ዝሆን ከሳቫና ዝሆን በመልክ ብቻ ሳይሆን በኑሮም እንደሚለይ አሳይቷል። የደን ዝሆን እናት የመጀመሪያ ግልገሏን የምትወልደው በአማካይ ወደ 23 ዓመቷ ሲሆን የሳቫናዋ ግን ወደ 12 ዓመቷ አካባቢ ትጀምራለች። ከአደን ጉዳት ለማገገም የደኑ ዝሆን የሚወስድበት ጊዜ ብዙ ነው ማለት ነው።

ትርጓሜው፦ ዝሆኑ ምን ይሰማዋል?

ድርጊትን ከማየት አልፎ ስሜትን መተርጎም ሲጀመር መግባባቱ ይላላል። ዋናው ምሳሌ ሐዘን ነው። ዝሆኖች በሞተ ዝሆን ዙሪያ ሲቆሙ፣ አጥንቱን በኩምቢያቸው ሲዳስሱ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ካረን ማክኮምብ፣ ሉሲ ቤከርና ሞስ በ2006 ባቀረቡት ሙከራ ዝሆኖቹ ከጎሽና ከአውራሪስ ራስ ቅል ይልቅ ለዝሆን ራስ ቅልና ጥርስ የላቀ ትኩረት ይሰጣሉ። ነገር ግን የገዛ መሪ እናታቸውን ራስ ቅል ከሌላው ለይተው አልመረጡም። ይህ ውጤት ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ሆኗል። አንዱ ወገን ዝሆን ለሞት ልዩ ግንዛቤ እንዳለው ማሳያ ይለዋል። ሌላው ወገን ግን ትኩረት ማሳየትና ማዘን አንድ አይደሉም፤ «የዘመዱን መቃብር ይጎበኛል» የሚለው የተለመደ ወሬም በዚህ አልተረጋገጠም ይላል።

የስም ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። በ2024 የታተመ ጥናት በኬንያ ሳምቡሩና አምቦሴሊ የተቀዱ 469 ጥሪዎችን በኮምፒውተር መርምሮ ጥሪው ለየትኛው ዝሆን እንደሆነ በ27.5 በመቶ ያህል ትክክል ለይቷል፤ በማነጻጸሪያው ግን 8 በመቶ ብቻ ነበር። ስም የሚመስል ነገር መኖሩን ይህ ይጠቁማል፤ ስሙ የትኛው የጥሪው ክፍል እንደሆነ ግን ገና ተነጥሎ አልታወቀም።

በመስክ ላይ የሚወሰነው ሦስተኛው ትርጓሜ የቁጣ ምልክት ነው። አስጎብኚዎች የማስፈራሪያ ሩጫንና የእውነተኛ ጥቃትን ልዩነት ያስተምራሉ፤ ጆሮ ዘርግቶ፣ ራስ አንቀጥቅጦ፣ ጮሆ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ማስፈራሪያ ሲሆን ጆሮ አጣብቆ፣ ኩምቢ ጠቅልሎ በጸጥታ የሚመጣው የከፋ ነው ይባላል። ልምድ ያላቸው ተመልካቾች ግን ይህን እንደማይሻር ሕግ አይቆጥሩትም። በማስፈራሪያ የተጀመረ ሩጫ ወደ ጥቃት ሊለወጥ ይችላልና። በ2024 መጋቢት ወር በዛምቢያ ካፉዌ ፓርክ ዝሆን የጎብኚዎችን መኪና ገልብጦ አንዲት ጎብኚ መሞቷ የስሌቱን አደገኛነት ያስታውሳል።

ቆጠራው፦ የቁጥሮቹ ጥንካሬና ድክመት

ከ2014 ጀምሮ የተካሄደውና በ2016 ይፋ የሆነው ታላቁ የዝሆን ቆጠራ በ18 አገሮች ከአየር ላይ ተመዝግቦ 352,271 የሳቫና ዝሆኖችን ገመተ። ከ2007 እስከ 2014 ባለው ጊዜም ቁጥሩ በ30 በመቶ መቀነሱን አሳየ። በዚህ ሥራ የሞቱ ዝሆኖች ሬሳም ይቆጠር ነበር፤ የሬሳው ብዛት ከሕያዋኑ ጋር ሲነጻጸር ከፍ ካለ መንጋው እየመነመነ ለመሆኑ ምልክት ነው።

የዚህ ዘዴ ድክመት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከአውሮፕላን የሚያይ ዓይን በዛፍ ጥላ ያሉትን ይዘላል፤ ለዚህም ማስተካከያ ስሌት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የደን ዝሆን በዚህ ዘዴ ጨርሶ አይቆጠርም፤ ፋንድያው በመንገድ ላይ ተቆጥሮ ወይም የዘር ቅንጣቱ ተመርምሮ ነው የሚገመተው። የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2021 የአፍሪካን ዝሆን ሁለት ዝርያ አድርጎ ሲመድብ የደኑን «በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ»፣ የሳቫናውን «በመጥፋት አደጋ ላይ» ብሎ አስቀምጧል። የደኑ በ31 ዓመት ውስጥ ከ86 በመቶ በላይ፣ የሳቫናው በ50 ዓመት ውስጥ ቢያንስ በ60 በመቶ ቀንሷል።

አጠቃላይ ቁጥሩ ግን የክልሎችን ልዩነት ይሸፍናል። በ2022 በአንጎላ፣ ቦትስዋና፣ ናሚቢያ፣ ዛምቢያና ዚምባብዌ የተካሄደው የካቫንጎ-ዛምቤዚ ቆጠራ 227,900 ዝሆኖች ሲያገኝ፣ ከእነዚህ ወደ 132,000 የሚሆኑት በቦትስዋና ነበሩ። ስለዚህ «ዝሆን እየጠፋ ነው» እና «ዝሆን በዝቷል» የሚሉት ሁለቱም አባባሎች እንደ ስፍራው እውነት ይሆናሉ። በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔ የሚናገር ባለሥልጣንና በመካከለኛው አፍሪካ ደን የሚሠራ ጠባቂ የማይግባቡት አንዱ ስለዋሸ አይደለም፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ስፍራ ነው።

መመልከት ራሱ ዝሆኑን ይለውጠዋል?

ጎብኚ ምንም አይጎዳም የሚለው አመለካከት የቆየ ነው፤ ዝሆኑ መኪናውን ይለምደዋል፣ ከዚያም ሥራውን ይቀጥላል ይባላል። በደቡብ አፍሪካ ማዲክዌ ፓርክ በኢዛቤል ሾትና በባልደረቦቿ የተደረገ ጥናት ግን ነገሩን ረጋ ብሎ ማየት እንደሚገባ አሳይቷል። የጎብኚ ብዛት ሲጨምር ዝሆኖች እርስ በርሳቸው የሚያሳዩት ቁጣ ይጨምራል፤ መኪኖች ሲበዙም መንጋው ከስፍራው የመራቅ ዝንባሌ ያሳያል። ጉዳቱ በአንድ መኪና ብዙም የማይታይ ሆኖ መኪኖቹ ሲደራረቡ ይገለጣል።

ዝሆኑም ተመልካቹን ያያል። በ2014 በአምቦሴሊ የተደረገ ሙከራ ዝሆኖች በድምፅ ማጉያ የተሰማውን የማሳይ ብሔረሰብ ወንድ ድምፅ ከካምባ ብሔረሰብ ወንድ ድምፅ እንደሚለዩ፣ ከማሳይ ሴቶችና ሕፃናት ድምፅ ይልቅም የወንዶቹን እንደሚፈሩ አሳይቷል። ማሳዮች በባህላቸው ዝሆንን በጦር የመውጋት ልማድ ስላላቸው የዝሆኖቹ ፍርሃት ምክንያት አለው። ለሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ምላሽ የሚሰጥ እንስሳ ስላልሆነ ዛሬ በቀላሉ መኪና የሚያስጠጋው ዝሆን ነገ ሌላ ሰው ሲያይ የሚያደርገው የተለየ ሊሆን ይችላል።

የመላመድ ውጤት በድንበር ላይ ደግሞ ሌላ መልክ ይይዛል። ከ2023 ጀምሮ ከአምቦሴሊ ጋር በሚዋሰነው የታንዛኒያ ክፍል፣ ከኬንያ ተሻግረው ነበር የተባሉ ትልልቅ ጥርስ ያላቸው ወንድ ዝሆኖች በፈቃድ አደን ተገድለዋል። ለረጅም ዓመታት ተመራማሪዎችና ጎብኚዎች ሲቀርቧቸው የኖሩ እንስሳት ከድንበሩ ማዶ ያለውን ልዩነት ሊያውቁ አይችሉም የሚሉ ተመራማሪዎች ተቃውሟቸውን አሰምተዋል። የአደኑ ደጋፊዎች ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ እንደሆነና ገቢው መሬቱን ለዱር እንስሳት እንዲቆይ እንደሚያደርግ ይከራከራሉ።

ገቢው፦ ለማየት የሚከፈል ገንዘብ ዝሆንን ያድናልን?

በዚህ ጥያቄ ላይ ሦስት አቋሞች አሉ። የመጀመሪያው የኬንያ አቋም ሊባል ይችላል፦ ሕያው ዝሆን ለብዙ ዓመታት ለብዙ ጎብኚ ስለሚታይ ከሞተው ይልቅ ብዙ ገንዘብ ያመጣል። ሮቢን ናይዱና ባልደረቦቹ በ2016 ባሳተሙት ጥናት በሕገ ወጥ አደን የተነሳ አፍሪካ በየዓመቱ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የቱሪዝም ገቢ እንደምታጣ ገምተዋል። በሳቫና ክልሎች ዝሆንን ለመጠበቅ የሚወጣው ወጪ በዚህ ገቢ ይሸፈናል ብለዋል። ግን ይኸው ጥናት በመካከለኛው አፍሪካ ደን ውስጥ ስሌቱ እንደማይሠራ አብሮ ያሳያል። ደኑ ውስጥ ዝሆን ማየት ስለሚከብድ ጎብኚ አይበዛም።

ሁለተኛው የደቡባዊ አፍሪካ መንግሥታት አቋም ነው። ጎብኚ የማይሄድበት፣ ደረቅና ሩቅ የሆነ መሬት በካሜራ ገቢ አይጠበቅም፤ አደን ግን በጥቂት ሰው ብዙ ገንዘብ ያስገኛል ይላሉ። ቦትስዋና በ2014 አደንን አግዳ በ2019 ፈቅዳለች። በ2024 ፕሬዚዳንት ሞክዊትሲ ማሲሲ ጀርመን የአደን ዋንጫ (የታደነ እንስሳ አካል) ማስገባትን ልትገድብ ስታስብ 20,000 ዝሆን ሊልኩላት እንደሚችሉ ተናግረው ነበር። ንግግሩ ፌዝ ቢመስልም ከጀርባው ያለው ቅሬታ እውነተኛ ነበር፤ ሰብሉ የሚረገጥበትና ሰው የሚሞትበት ገበሬ ከአውሮፓ በሚመጣ ሕግ ላይ ድምፅ የለውም።

ሦስተኛው አቋም ጥያቄውን ራሱን ይቀይራል። ዋናው ነገር ገንዘቡ ከካሜራ ወይም ከጠመንጃ መምጣቱ አይደለም፤ ለማን ደረሰ የሚለው ነው ይላል። ናሚቢያ በ1996 ሕግ ለገጠር ማኅበረሰቦች የዱር እንስሳት ባለመብትነት ሰጥታለች፤ ከሁለቱም ምንጭ የሚገኘው ገቢ በእነሱ እጅ ያልፋል። የዚህ አቋም ድክመት በገቢ ላይ ብቻ መቆሙ ነው፤ በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ በረራዎችን ሲያስቆም በቱሪዝም ብቻ ይኖር የነበረ ማኅበረሰብ ባዶ እጁን ቀርቷል።

ኢትዮጵያ፦ ዝሆን የሚታይባት ወይስ የሚጠፋባት?

በኢትዮጵያ ያሉት ዝሆኖች የተበታተኑ ናቸው። ከሐረር በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው የባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ በ1970 ለዝሆን ተብሎ የተከለለ ስፍራ ነው። በኦሞና በማጎ፣ በጋምቤላ፣ በቃፍታ ሽራሮ፣ በ2005 በተቋቋመው ጨበራ ጩርጩራም ዝሆኖች አሉ። የጋምቤላዎቹ ከደቡብ ሱዳን፣ የቃፍታ ሽራሮዎቹ ከኤርትራ ጋር በሚያገናኝ መሬት ስለሚንቀሳቀሱ ዕጣቸው በአንድ መንግሥት ሥራ ብቻ አይወሰንም።

በባቢሌ የሚታየው ሁኔታ ከአምቦሴሊ የተለየ ነው። ዝሆኖቹ በሸለቆ ቁጥቋጦ ውስጥ ስለሚኖሩ ለጎብኚ በቀላሉ አይገለጡም፤ ሰፈራ፣ ከብትና ማገዶ ቆረጣ መኖሪያቸውን ያጠብባሉ። እዚህ ላይ «ጎብኚ ይምጣና ገቢው ይጠብቃቸው» የሚለው የኬንያ ቀመር መነሻው ራሱ ይጎድለዋል። በቀላሉ የሚታይ ዝሆን የለምና። በመጋቢት 2015 መንግሥት ከ6 ቶን በላይ የተያዘ የዝሆን ጥርስ በአዲስ አበባ ማቃጠሉ የንግዱን መንገድ እንደማይቀበል ያሳወቀበት እርምጃ ነው። መኖሪያውን ግን በእሳት ማዳን አይቻልም።

ማጠቃለያ

ባለፉት ስልሳ ዓመታት የተገኘው እውቀት ሦስት ነገሮችን አረጋግጧል። ዝሆን ቤተሰብ፣ የእድሜ ተዋረድና የዳበረ ትዝታ ያለው እንስሳ ነው። ቁጥሩ በአንዳንድ ክልል ሲጨምር በሌላው ይቀንሳል። የሰው መቅረብም ባህሪውን ይለውጣል። ያልተቋጩት ነጥቦች ሁለት ናቸው፦ የዝሆን ስሜት ከድርጊቱ ምን ያህል ሊነበብ እንደሚችልና ለማየት የሚከፈለው ገንዘብ ጎብኚ በማይደርስበት ስፍራ ምን ሊያደርግ እንደሚችል። ስለዚህ ዝሆን ለማየት የሚሄድ ሰው መምረጥ የሚገባው ወደ እንስሳው በጣም የሚያስጠጋውን አስጎብኚ ሳይሆን የመኪናውን ቁጥር የሚወስነውን፣ የዝሆኑን ምልክት የሚያነብና ገንዘቡ ለአካባቢው ነዋሪ የሚደርስበትን ነው። መንግሥታትም ፓርኮቻቸውን ሲመዝኑ የጎብኚ ብዛትን ብቻ መለኪያ ማድረግ የለባቸውም፤ ዝሆኑ ማየት በሚያስቸግር ጫካ ውስጥ ቢኖርም ጥበቃ ይገባዋል።